ጎንደር ላይ ዋና ለመጀመር፦ የት፣ ከማን ጋር፣ በየትኛው ስልት?

«ዋና ልጀምር አስቤ ነበር፤ የት ይሻለኛል?» ብላችሁ ጠይቁ። የምታገኙት መልስ የሆቴል ስም ነው። አንዱ እይታው ያምራል ይላል። ሌላው ማኪያቶው ጥሩ ነው ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «ምን ገንዳ ለገንዳ ያዞርሃል፣ ጎርጎራ ወርደህ ጣና ላይ ልመድ» ይላል። ውሃው የት ጋ እንደሚጠልቅ የሚነግራችሁ ግን አይገኝም።

እዚህ የሆቴል ስም አልጠራም። የማወዳድረው መንገዶችን ነው፦ የት መማር፣ ከማን መማር፣ በየትኛው ስልት መጀመር። የጻፍኩት ለአዋቂ ጀማሪ ነው። ጨርሶ ዋና ለማይችል፣ ወይም ትንሽ ለሚንቦጫረቅ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ገንዳውን ከጫፍ ጫፍ ደርሶ መልስ መዋኘት ለሚፈልግ ሰው። ወገቡን አሞት ሐኪም «ዋና ብትጀምር» ያለው፣ ሩጫ ጉልበቱን ያስቸገረውም እዚህ ውስጥ አለ።

አቋሜን ከአሁኑ ልናገር። ለጀማሪ ጥሩ ገንዳ ማለት የምትቆሙበት፣ ወለሉ የሚታይ፣ በሳምንት ሦስቴ ሳትማረሩ የምትደርሱበት ገንዳ ነው። እነዚህ ሦስቱ ከተሟሉ ሌላው ትርፍ ነው።

## መጀመሪያ መለኪያዎቹ

የምትቆሙበት ውሃ። የሆቴል ገንዳ ብዙ ጊዜ በአንድ በኩል ወገብ ድረስ ነው፤ በሌላው ከቁመት ያልፋል። አደጋው ያለው መሃሉ ላይ ነው። አንዳንዱ ወለል ቀስ እያለ ይወርዳል። አንዳንዱ ግን በሁለት ሦስት እርምጃ ከደረት ወደ አፍንጫ ያደርሳችኋል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እንዲህ ያለው ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ የወር ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት ለአንድ ቀን ብቻ ግቡ። ጠርዙን በእጃችሁ ይዛችሁ ከዝቅተኛው ውሃ ተነሱና በእግራችሁ ሂዱ። ውሃው ደረታችሁ ላይ ሲደርስ ቁሙ። ወደ ኋላ ዞር ብላችሁ የመጣችሁበትን ገምቱ። ስምንት አሥር ሜትር የሚሆን መቆሚያ ውሃ ካለ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ይበቃችኋል። ጠርዙ ላይ «1.60» ወይም «2.00» የሚል የጥልቀት ምልክት ካለ ደግሞ ጥሩ። ካለ ነው እንግዲህ።

ወለሉ ይታያል ወይ? ጥልቁ ጫፍ ላይ ቁሙና ወደ ታች ተመልከቱ። ከታች የውሃ ማስወጫ ክዳን አለ። የክዳኑን ቀዳዳዎች ለይታችሁ ካያችሁ ውሃው ደህና ነው። ክዳኑ ጥላ ብቻ ከመሰለ አትግቡ። ጉዳዩ የጀርም ብቻ አይደለም። በደፈረሰ ውሃ ውስጥ የሰመጠ ሰው ከላይ አይታይም።

አንድ ሆቴል ገንዳው አረንጓዴ መሆኑን አይቼ ጠባቂውን ጠይቄው ነበር። «ኧረ ጋሼ፣ ትናንት ነው የተቀየረው» አለኝ። ትናንት ተቀይሮ ከሆነም ምንም አይጠቅምም ነበር። ገንዳን ንጹሕ የሚያደርገው በየጊዜው መቀየሩ ሳይሆን ማጣሪያውና ክሎሪኑ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ደግሞ ገንዳ በየሳምንቱ ይቀየራል ብሎ የሚያምን የዋህ ነው። የምትጠይቁት «መቼ ተቀየረ?» ብላችሁ ሳይሆን «ፓምፑ በቀን ስንት ሰዓት ይሠራል? ክሎሪኑን የሚለካው ማነው?» ብላችሁ ነው። ክሎሪኑ በሊትር ከ1 እስከ 3 ሚሊግራም፣ ፒኤቹ (የውሃው የአሲድነት መለኪያ) ከ7.2 እስከ 7.8 ቢሆን ይመረጣል። ሠራተኛው እነዚህን ቁጥሮች ሲሰማ ግራ ከተጋባ የሚለካ የለም ማለት ነው። ፓምፑ መሥራቱን ራሳችሁ ማረጋገጥ ትችላላችሁ። ከገንዳው ግድግዳ ላይ ያሉት ክብ ቀዳዳዎች አጠገብ እጃችሁን አስጠጉ። ውሃ ገፋ ገፋ ሊያደርጋችሁ ይገባል።

አንድ የተለመደ ስህተት አለ። «ክሎሪኑ አፍንጫ ይሰብራል፣ እንዴት ንጹሕ ቢሆን ነው!» ይባላል። ተገላቢጦሽ ነው። ያ የሚከረፋ ሽታ የሚመጣው ክሎሪን ከላብና ከሽንት ጋር ሲገናኝ ነው። ዓይን የሚያቀላውም በአብዛኛው እሱው ነው። ሻወር ሳይወስዱ የሚገቡ ሰዎች የበዙበት ገንዳ በደንብ ይሸታል።

ርዝመት። መደበኛ የመዋኛ ገንዳ 25 ወይም 50 ሜትር ነው። የሆቴል ገንዳ ግን የተሠራው ለመዝናኛ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ከዚያ ያጥራል፤ ቅርጹም እንደ ኩላሊት የሚጠማዘዝ አለ። በጠርዙ ላይ ተራምዳችሁ ለኩት። የአዋቂ እርምጃ 70 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ 20 እርምጃ ከሄዳችሁ ወደ 14 ሜትር ነው። ለሚማር ሰው አጭር ገንዳ ጉዳት የለውም። እንዲያውም ግድግዳው ቶሎ ስለሚመጣ ልብ ያረጋጋል። ኪሎ ሜትር መዋኘት ስትጀምሩ ግን ይሰለቻል። በ25 ሜትር ገንዳ አንድ ኪሎ ሜትር 20 ደርሶ መልስ ነው። በ14 ሜትር ገንዳ ግን 36 ገደማ ይሆናል፤ ግማሹ ጊዜ መዞር ነው።

ሙቀት። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ያልሞቀ ገንዳም አብሮ ይቀዘቅዛል። ለውድድር የሚፈቀደው የውሃ ሙቀት ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ነው። ለሚማር ሰው ከዚያ ሞቅ ቢል ይመረጣል፤ ምክንያቱም ጀማሪ ብዙውን ጊዜ ቆሞ ነው የሚያሳልፈው። የሚንቀጠቀጥ ሰው ትንፋሹን መቆጣጠር አይችልም። ትንፋሽ ከሌለ ደግሞ ዋና የለም።

ወጪ። ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ቁጥር አልሰጥም፤ የምታሰሉበትን መንገድ ግን ልስጥ። የወሩን ክፍያ በእውነት በምትሄዱበት ቀን አካፍሉት። ልትሄዱ ባሰባችሁበት ቀን አይደለም። ለምሳሌ የቀን መግቢያ 400፣ የወር 4,000 ብር ቢሆን ወር የሚያዋጣው ከአሥር ቀን በላይ ከሄዳችሁ ነው። በሳምንት ሁለቴ ከሆነ የምትሄዱት የቀኑ ይረክሳል። የባጃጁን ደርሶ መልስ፣ የአሰልጣኙን፣ ከዋና በኋላ የሚመጣውን ረሃብም ደምሩ። ረሃቡን የሚያስብ የለም፤ ከውሃ የወጣ ሰው ግን እዚያው ሆቴል ቁጭ ብሎ ጥብስ ማዘዙ አይቀርም።

## የት? አራቱ መንገዶች

የከተማው የሆቴል ገንዳ። ጎንደር ውስጥ ገንዳ ሲባል በአብዛኛው የሆቴል ገንዳ ነው። ጥቅሙ ቅርብ መሆኑ ነው። ፒያሳ የሚሠራ ሰው ከሥራ ሲወጣ ሊደርስ ይችላል። ከአዘዞ ለሚመጣ ሰው ግን መንገዱ ራሱ ከዋናው ሊረዝም ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ትንሽ አነስ ያለም ቢሆን መንገዱ ላይ ያለውን ይምረጥ። በሳምንት ሦስቴ የሚኬድበት መካከለኛ ገንዳ፣ በወር አንዴ ከሚኬድበት ምርጥ ገንዳ ይበልጣል።

ጉዳቱ ሰዓቱ ነው። ቅዳሜ፣ እሑድና በዓል ቀን ገንዳው የልጆች ነው። ኳስ ይበርራል፤ ከጠርዝ የሚዘልልባችሁ አለ። የሥራ ቀን ጠዋት ባዶ ነው፤ ግን ይቀዘቅዛል። ውሃው ደህና የሚሞቀው ፀሐይ ሲውልበት ነው፤ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ተኩል ያለው ጊዜ ይሻላል። ቢሮ ለሚውል ሰው ይህ ከባድ ነው። ከ11 ሰዓት በኋላ ለሚመጣ ሰው ምክሬ ቶሎ ገብቶ ቶሎ መውጣት፣ ለአየሩም ጋቢ ወይም ወፍራም ፎጣ መያዝ ነው። በዚህ ከፍታ ፀሐይዋም ትበረታለች። ቀትር ላይ የምትገቡ ከሆነ ጀርባችሁን የሚሸፍን ልብስ ልበሱ።

ስለ ልብስ ካነሳን፦ ሙሉ ሰውነት የሚሸፍን የዋና ልብስ የምትለብሱ እህቶች ሆቴሉ እንደሚፈቅድ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የሴቶች ብቻ ሰዓት ካለም ጠይቁ። ጥጥ ልብስ ግን የትም አይሆንም፤ ውሃ ይጠጣና ወደ ታች ይጎትታል።

ጎርጎራ፣ ጣና ላይ። ከጎንደር ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እዚያ ወርዶ ቀን ማሳለፍ እጅግ ደስ ይላል። ዋና ለመማር ግን አይሆንም። የጣና ውሃ ድፍርስ ነው፤ ወለሉን አታዩትም፣ የት እንደሚጠልቅም አታውቁም። ጉማሬ አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ቢልሃርዚያ አለ። በጣና ዳርና በአካባቢው ወንዞች የታወቀ በሽታ ነው። ተሸካሚዋ ትንሽ ቀንድ አውጣ ናት። ከእሷ የሚወጣው ጥገኛ ትል ውሃውን ባትጠጡትም በቆዳ በኩል በደቂቃዎች ውስጥ ይገባል። የሚገኘው ደግሞ ዳር ዳሩን፣ ሣርና ቄጤማ ያለበት፣ የረጋው ውሃ ላይ ነው። ጀማሪ የሚቆመው የት ነው? እዚያው ዳር ላይ። ገብታችሁ የወጣችሁ ካላችሁ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ የሰገራ ምርመራ አድርጉ። መድኃኒት አለው፣ አትደንግጡ።

«የደንቢያ ልጆች እኮ እዚያው ነው የለመዱት» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ለምደዋል። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ፣ ከታላላቆቻቸው ጋር፣ ውሃውን በየወሩ እያወቁት። እናንተ ቅዳሜ ሄዳችሁ እሑድ የምትመለሱ ናችሁ። አንገረብና መገጭም ላይ ይኸው ነው፤ በክረምት ደግሞ ደራሽ ይጨመርበታል።

ባሕር ዳር ሄዶ በአንዴ መማር። ብዙ ሰው የማያስበው፣ ለአንዳንዱ ግን የሚያዋጣ መንገድ ነው። ባሕር ዳር ወደ 180 ኪሎ ሜትር ነው። ከፍታው 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩም ውሃውም ይሞቃል። የዓመት ፈቃድ ያለው ሰው አሥር ቀን ተቀምጦ በየቀኑ ከአሰልጣኝ ጋር ቢገባ፣ በሳምንት አንዴ እየሄደ በሦስት ወር የሚያገኘውን ያገኛል። ለጀማሪ ትልቁ ጠላት መቋረጥ ነው። የውሃ ፍርሃት በየአሥራ አምስት ቀኑ እንደ አዲስ ይመለሳል። ዘመድ ቤት የሚያርፍ ከሆነ ወጪውም ያን ያህል አይከብድም። መንገዱን ግን ከመነሳታችሁ በፊት አጣሩ። እዚያ ስትሄዱም ገንዳ ውስጥ እንጂ ሐይቁ ውስጥ አይደለም፤ ያው ጣና ነው።

ፋሲል መዋኛ። ይህን ያስገባሁት እንግዳ ሰው ሁልጊዜ ስለሚጠይቅ ነው። ስሙ መዋኛ ቢሆንም አማራጭ አይደለም። ዓመቱን ሙሉ ደረቅ ነው። ከቀሃ ወንዝ ውሃ የሚሞላው ለጥምቀት ነው። ጥር 11 ጎረምሳ እየዘለለ ሲገባ ያያችሁ «እኔም» አትበሉ። ግፊያ አለ፣ ጥልቀቱ ከቁመት ያልፋል፣ ውሃውም የወንዝ ውሃ ነው። ለበረከት ከሆነ ሲረጭ ዳር ቆሞ መቀበልም ይቻላል።

## ከማን ጋር?

የግል አሰልጣኝ ውድ ነው፤ ለሚፈራ ሰው ግን ምትክ የለውም። ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ስምንት ክፍለ ጊዜያት ብቻ ይዛችሁ ከዚያ በራሳችሁ መቀጠል ትችላላችሁ። ገንዘብ የሚቆጠብበት ትክክለኛው ቦታ ይህ ነው። መጀመሪያ ከፍሎ በኋላ መተው። ብዙ ሰው ግን ተቃራኒውን ያደርጋል። ብቻውን ስድስት ወር ይንቦጫረቅና የተሳሳተ ልማድ ከያዘ በኋላ አሰልጣኝ ይፈልጋል። አሰልጣኙም መጀመሪያ ያንን ልማድ ማስረሳት አለበት።

አሰልጣኝ ስትመርጡ የሜዳሊያ ታሪኩን ተዉት። እነዚህን ተመልከቱ። አብሯችሁ ውሃ ውስጥ ይገባል ወይስ ዳር ቆሞ ስልኩን እየነካካ ይጮኻል? ስለ ጤናችሁ ይጠይቃል? የሚጥል በሽታ፣ የልብ ችግር፣ አስም፣ የሚመግል ጆሮ ያለበት ሰው ከሐኪም ጋር ሳይነጋገር መግባት የለበትም፤ ይህን ሳይጠይቅ የሚያስገባችሁ አሰልጣኝ ሥራውን አያውቅም። የመጀመሪያ እርዳታ ሠልጥኗል? በመጀመሪያው ቀን ጥልቁ ውስጥ ልክተታችሁ ካለ ደግሞ ፎጣችሁን ይዛችሁ ውጡ። «ተወርውሬ ነው የለመድኩት» የሚሉ ሰዎችን እናውቃለን። ተወርውረው ዳግመኛ ውሃ አጠገብ ያልደረሱት ግን ስለማያወሩ አንሰማቸውም።

የቡድን ትምህርት ይረክሳል፤ ከተገኘ። ችግሩ አብዛኛው የተዘጋጀው ለልጆች ነው፣ ያውም ትምህርት ቤት በሚዘጋበት በክረምት፣ ውሃው በሚቀዘቅዝበት ጊዜ። ከስምንት ዓመት ልጆች መሃል የቆመ የአርባ ዓመት ሰው ያፍራል፣ ልጆቹም አይምሩትም። ሦስት አራት የሥራ ባልደረቦች ተሰባስባችሁ አንድ አሰልጣኝ ብትቀጥሩ ግን ከሁሉም የተሻለ ነው። ወጪው ይካፈላል፤ አንዱ ሲዋኝ ሌላው ያያል፣ የቀረም ይጠየቃል።

ዋና የሚችል ጓደኛ ነጻ ነው። ለደኅንነት በጣም ይጠቅማል። ለማስተማር ግን ሁሉም አይሆንም፤ በልጅነቱ የለመደ ሰው እንዴት እንደሚዋኝ አያውቀውም፣ ዝም ብሎ ይዋኛል። «እንደ እኔ አድርግ» ነው የሚላችሁ። ቢሆንም ብቻችሁን ከመግባት ሺ ጊዜ ይሻላል።

ብቻ፣ ከስልክ ቪዲዮ። ብቻ ማለት ገንዳው ውስጥ ማንም የለም ማለት ከሆነ፣ አይሆንም። ብዙ ሆቴል ላይ ለነፍስ አድን ሥራ የተመደበ ሰው የለም፤ ፎጣ የሚሰጠው ልጅ ዋና ላይችል ይችላል። ቪዲዮው ቤት ውስጥ ለማየት ጥሩ ነው።

## በአንድ ዓይን

| መንገድ | የመቆሚያ ውሃ | የውሃ ጥራት | የሚጠብቅ ሰው | ወጪ | በሳምንት ስንቴ ይቻላል | ለማን |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ሆቴል ገንዳ፣ የግል አሰልጣኝ | አለ፣ ለክታችሁ | እንደ ገንዳው፣ አረጋግጡ | አለ | ከፍተኛ | 2–3 | ውሃ ለሚፈራ |
| ሆቴል ገንዳ፣ ከባልደረቦች ጋር አንድ አሰልጣኝ | አለ | እንደ ገንዳው | አለ | መካከለኛ | 2–3 | ለአብዛኛው ሰው |
| ሆቴል ገንዳ፣ ከጓደኛ ጋር | አለ | እንደ ገንዳው | ጓደኛው ብቻ | ዝቅተኛ | እንደ ጓደኛው | መንሳፈፍ ለለመደ |
| ባሕር ዳር፣ አሥር ቀን | አለ | እንደ ገንዳው | አሰልጣኙ | በአንዴ ከባድ | በየቀኑ | ፈቃድ ላለው፣ ጊዜ ለሚያጥረው |
| ጎርጎራ፣ ጣና | የማይታይ | ቢልሃርዚያ | የለም | መጓጓዣ | አልፎ አልፎ | ለጀማሪ አይሆንም |

## በየትኛው ስልት?

ሰው እዚህ ላይ ነው የሚከራከረው። እኔ ደግሞ ከስልቱ በፊት አንድ ነገር አለ እላለሁ፦ ትንፋሽ።

ሯጭ የሆነ ሰው ገንዳ ገብቶ አሥር ሜትር ሳይሄድ ሲያለከልክ ታያላችሁ። «ዋና እኮ ከባድ ስፖርት ነው» ይላል። ከባድ ያደረገው ዋናው አይደለም። ፊቱን ሲነክር ትንፋሹን ይይዛል፣ ቀና ሲል ማስወጣትም ማስገባትም በአንድ ጊዜ ይሞክራል፤ ጊዜ አይበቃውም። አየር አጠረኝ የሚያሰኘው ስሜት በዋናነት የሚመጣው ውስጥ ከተጠራቀመው ካርቦንዳይኦክሳይድ ነው። መፍትሔው ውሃ ውስጥ ሳሉ ማስወጣት ነው። ጠርዙን ይዛችሁ ቁሙ፣ አየር ሳቡ፣ ፊታችሁን ነክራችሁ በአፍንጫና በአፍ ቀስ እያላችሁ አረፋ አውጡ፣ ቀና ብላችሁ ሳቡ። ሃያ ጊዜ ሳትቸኩሉ እስክትደግሙት ድረስ ወደ ስልት አትሂዱ። ተቃራኒው ደግሞ አደገኛ ነው። ረጅም ጊዜ ከውሃ በታች ለመቆየት ብሎ አስቀድሞ በፍጥነት ደጋግሞ የሚተነፍስ ሰው ውሃ ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላል። ውርርድ ተወራርደው እንዲህ የሚያደርጉ ጎረምሶች አሉ። አትጠጉ።

አሁን ወደ ስልቶቹ።

የደረት ዋና ፊት ለፊት ያሳያችኋል፣ ትንፋሹም ቀላል ነው። ልጅ በሚንጫጫበት ገንዳ ውስጥ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ክብደቱ እግሩ ላይ ነው፤ እንደ እንቁራሪት ከፍቶ መግጠሙን ለማስተካከል ሳምንታት ይፈጃል። ጉልበት ላይ በውስጥ በኩል ጫና ያሳድራል፣ ስለዚህ ጉልበቱን አሞት ከሩጫ ለሸሸ ሰው አይመከርም። ራሳቸውን ቀና አድርገው ብቻ የሚዋኙ ደግሞ አንገታቸውንና ወገባቸውን ያማቸዋል። ለወገብ ብሎ ጀምሮ ወገብ ይዞ መመለስ ማለት ይህ ነው።

ፍሪስታይል፣ በሆድ ተኝቶ እጆችን በየተራ ወደ ፊት እየወረወሩ መቅዘፍ፣ በትንሽ ጉልበት ሩቅ የሚያስኬደው እሱ ነው። ደርሶ መልስ መዋኘት የሚፈልግ ሰው መጨረሻው እዚህ ነው። ከባዱ በጎን መተንፈሱ ነው። ጀማሪ ራሱን ሙሉ በሙሉ ያነሳል፣ ያን ጊዜ እግሩ ይሰምጣል፣ የሰመጠውን እግር ለማንሳት በኃይል ይመታል፣ ይደክመዋል። ትክክለኛው ምልክት ይህ ነው፦ በምትተነፍሱበት ቅጽበት አንዱ መነጽር ውሃ ውስጥ፣ አንዱ ከውሃ በላይ መሆን አለበት። ሁለቱም ከወጡ ራሳችሁን አብዝታችሁ አዙራችኋል። ይህን ከራሳችሁ ማየት ስለሚያስቸግር የሚያይላችሁ ሰው ያስፈልጋል።

የጀርባ ዋና የተናቀ ነው፤ አላግባብ። ፊት ከውሃ ውጭ ስለሆነ የትንፋሽ ጭንቀት የለም። በጀርባ መንሳፈፍ የቻለ ሰው ደግሞ ደክሞት መሃል ላይ ቢቀር ማረፊያ አለው። እኔ ሁሉም ሰው ከዚህ ይጀምር ባይ ነኝ። ችግሩ የምትሄዱበትን አለማየታችሁ ነው። በአጭር ገንዳ ጭንቅላት ከግድግዳ ጋር ይጋጫል። ከጫፍ ጫፍ ስንት ቀዘፋ እንደሚፈጅባችሁ ቆጥራችሁ ያዙ፤ ሦስት ሲቀር አንድ እጅ ወደ ኋላ ዘርጉ።

ቢራቢሮውን፣ ሁለቱን እጅ በአንድ ላይ የሚያስወረውረውን ስልት፣ ለጊዜው ተዉት። «የውሻ ዋና» የምንለው ደግሞ ነፍስ ለማውጣት ይሆናል፣ ለደርሶ መልስ አይሆንም።

ምርጫዬን ላስቀምጥ። አሰልጣኝ ካላችሁ፦ በጀርባ መንሳፈፍ፣ ከዚያ በቀጥታ ፍሪስታይል። ከጓደኛ ጋር ከሆናችሁ፦ በጀርባ መንሳፈፍ፣ ከዚያ የደረት ዋና፣ ፍሪስታይል ቆይቶ። ጉልበታችሁን የሚያማችሁ፦ የደረቱን ዝለሉት። ትከሻችሁን የሚያማችሁ፦ ፍሪስታይሉን አዘግዩት።

ስለ ፍጥነት አትጨነቁ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሪዮ ኦሎምፒክ ላይ ኢትዮጵያዊው ዋናተኛ ሮቤል ኪሮስ 100 ሜትር ፍሪስታይል በ1 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ ከ95 ጨርሶ ዓለም ሲሳለቅበት ነበር። ጀማሪ ያንኑ 100 ሜትር በሦስት ደቂቃ ሳያርፍ ከጨረሰ በጣም ጎበዝ ነው።

## ዕቃ

መነጽር ግዙ። ሌላው ይቆያል። ስትገዙ ማሰሪያውን ሳታጠልቁ ዓይናችሁ ላይ ጫን አድርጉት፤ ለሁለት ሦስት ሰከንድ ተጣብቆ ከቆየ ልካችሁ ነው፣ ወዲያው ከወደቀ ውሃ ያስገባል። ኮፍያ ፀጉር ላላቸው፣ በተለይ ሹሩባ ለተሠሩ ይጠቅማል፤ ውሃ ጨርሶ አያስገባም ብላችሁ ግን አትጠብቁ። ኮንታክት ሌንስ አድርጋችሁ አትግቡ፤ ቁጥር ያለው የዋና መነጽር አለ። በአየር የሚነፋ ጎማ ይዞ መማር ጥሩ አይደለም። ቆማችሁ እንድትንሳፈፉ ያደርጋል፣ ዋና ደግሞ ተኝቶ ነው።

## እንደ አቅማችሁና እንደ ፍላጎታችሁ

ገንዘቡ ካላችሁና ውሃ የምትፈሩ ከሆነ፦ ስምንት ክፍለ ጊዜ ከግል አሰልጣኝ ጋር፣ በሥራ ቀን ከሰዓት፣ ከዚያ ከጓደኛ ጋር ቀጥሉ። በአንድ ወር ውስጥ ጠርዙን ለቅቃችሁ በጀርባ ካልተንሳፈፋችሁ አሰልጣኝ ቀይሩ።

መካከለኛ አቅም ካላችሁ፦ ሦስት ሰው ፈልጉ። የወር ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ጊዜ በቀን መግቢያ ሞክሩት። ለቡድን ቅናሽ ጠይቁ፤ የሥራ ቀን ገንዳው ባዶ ስለሆነ ሆቴሉ መደራደሩ አይቀርም።

በጀታችሁ ጠባብ ከሆነ፦ በሳምንት አንዴ ለብዙ ወራት ከመሄድ፣ ገንዘቡን አጠራቅማችሁ በአንድ ወር ውስጥ አሥራ ሁለት ቀን ግቡ። ድምር ወጪው ያው ነው፣ ውጤቱ ግን አይገናኝም።

የጤና ጉዳይ ይዟችሁ ከሆነ፦ መጀመሪያ ሐኪም፣ ከዚያ የሞቀ ውሃ፣ ከዚያ ሌላው። የምትጾሙ ሰዎች ባዶ ሆድ ላይ ረጅም አትዋኙ፤ በጾም ቀን ከሆነ አጠር አድርጉት፣ ወይም ከበላችሁ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ግቡ።

ለመጀመር ጥሩው ወቅት ከየካቲት አጋማሽ እስከ ግንቦት ነው። ውሃው ሞቅ ይላል፣ ዝናቡም ገና ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ፀሐይ ቢኖርም ሌሊቱ ውሃውን ያቀዘቅዘዋል፤ ከቀትር በፊት አትሞክሩት። በክረምት መብረቅ ሲጀምር ከገንዳ መውጣት ግዴታ ነው፣ «ትንሽ ልጨርስ» የለም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቤት የምትውሉ ከሆነ ትንፋሹን እንዳትረሱት ሳፋ ሙሉ ውሃ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ፊታችሁን እየነከራችሁ አረፋ አውጡ። ፈረቃችሁ ደርሶ ውሃ ከመጣ ነው ታዲያ።